ጥምዝ ቦይ በትንሽ ወርክሾፕ እንዴት ይቆረጣል?

በወርክሾፕ ውስጥ ፑንታ ያልያዘ ሠልጣኝ የለም። ለመሆኑ ስንቶቻችን ነን ፑንታውን ወደ ዐይናችን አቅርበን «ይህ እየተጠማዘዘ የሚወጣው ቦይ በምን ዘዴ ተቆረጠ?» ብለን የጠየቅን? አብዛኛዎቻችን የምናውቀው የማርሽ ሠንጠረዥ ከፍቶ ቁጥር ማንበብ ነው። ሠንጠረዡ ከጠፋ፣ ወይም የምንመደብበት ትምህርት ቤት ያለው አንዲት ትንሽ ፍሬዛ ብቻ ከሆነ፣ «ይህ ሥራ እዚህ አይሠራም» ብለን ተማሪውን እንመልሰዋለን። በዚህ ጽሑፋችን ለማስረዳት የምንሞክረው፣ ነገሩን ከሥሩ የተረዳ መምህር እንዲህ ለማለት እንደማይገደድ ነው።

ከወረቀት እንጀምር። ዲያሜትሩ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ዘንግ እንውሰድ። ዙሪያው 62.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አሁን ቀጤ ማዕዘን ያለው ሦስት ማዕዘን ከወረቀት እንቁረጥ፤ አንዱ ጎን 62.8፣ ሌላው ጎን 108.8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ረጅሙን ጎን በዘንጉ ርዝመት ልክ አስይዘን ወረቀቱን ብንጠቀልለው፣ ሰያፉ ጎን በዘንጉ ላይ ሲጠማዘዝ እናየዋለን። ጥምዝ ቦይ ማለት ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ዘንጉ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር መቁረጫው በርዝመቱ 108.8 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። ይህን ርቀት የቦዩ እርምጃ እንለዋለን፤ በትምህርቱ አጠራር ሊድ ይባላል። ሰያፉ ከዘንጉ ርዝመት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ደግሞ 30 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ አጭር ነው፦ ዲያሜትሩን በ3.1416 ማባዛት፣ ከዚያም ለማዕዘኑ ታንጀንት ማካፈል።

እንግዲህ ሥራው ሁለት እንቅስቃሴዎችን አንድ ላይ ማሰር ብቻ ሆነ ማለት ነው፤ የጠረጴዛውን ጉዞና የዘንጉን ዙር። ቀድሞ የፑንታ ቦይ በእጅ በክብ ሞረድ ይሞረድ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በፕሮቪደንስ ከተማ ጆሴፍ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1862 ዩኒቨርሳል ፍሬዛ የተባለውን መኪና የሠራው ይህንኑ የሞረድ ሥራ ለማስቀረት ነበር። መኪናው የጠረጴዛውን ቪቴ ዘንጉን ከሚያዞረው ዲቫይዲንግ ሄድ ጋር በማርሽ አገናኘ።

በእኛ ምሳሌ የጠረጴዛው ቪቴ በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር ይሄዳል እንበል። ዲቫይዲንግ ሄዱ ደግሞ የ40 ለ1 ይሁን፤ ይህም ማለት ዘንጉ አንድ ጊዜ እንዲዞር የዎርሙ ዘንግ 40 ጊዜ መዞር አለበት። ሁለቱን በእኩል ማርሽ ብናገናኛቸው ዘንጉ አንድ ዙር ሲጨርስ ጠረጴዛው 5 ሲባዛ በ40፣ ማለትም 200 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። እኛ የምንፈልገው ግን 108.8 ነው። ስለዚህ በቪቴው ላይ ባለ 44 ጥርስ፣ በዎርሙ በኩል ባለ 24 ጥርስ ማርሽ እንሰካለን። 200 በ24 ተባዝቶ ለ44 ሲካፈል 109.09 ይሆናል። ከፈለግነው በሦስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር እንኳ አይርቅም፤ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። በመካከል የሚገባው አገናኝ ማርሽ እርምጃውን አይለውጥም፤ አንድ ተጨማሪ ከገባ ግን ቦዩ ወደ ቀኝ መጠምዘዙ ቀርቶ ወደ ግራ ይሆናል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ስሕተት ብንናገር አናፍርም። በመጀመሪያው ሙከራችን የዲቫይዲንግ ሄዱን ባለ ቀዳዳ ሰሃን ከአካሉ ጋር የሚያስረውን ፒን ሳንፈታ ጠረጴዛውን አስነሣነው። ሰሃኑ ከማርሾቹ ጋር መዞር ነበረበትና ማርሾቹ ተናንቀው ቆሙ፤ ዘንጉም ተበላሸ። ሠንጠረዡን በትክክል አንብበናል፤ ምን ከምን ጋር እንደሚዞር ግን አልጠየቅንም ነበር።

ሁለተኛው አደጋ በማርሾቹና በቪቴው መካከል ያለው ላላ ማለት ነው። በመሆኑም መቁረጥ ያለብን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ነው። ስንመለስ መቁረጫውን ከቦዩ ውስጥ ማውጣት ይገባናል፤ ካለዚያ የቦዩን ግድግዳ ይቧጭረዋል። ማርሾቹም ክፍት ስለሆኑ ጣትና የጋዋን እጅጌ ይራቁ።

«ጠረጴዛው ወደ ጎን የማይዞር ከሆነስ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መቁረጫው እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ ከሆነ ጠረጴዛው በቦዩ ማዕዘን ልክ መዞር አለበት፤ ካለዚያ ቦዩ ከመቁረጫው የሰፋ ይሆናል። ኢንድ ሚል የሚባለውን ጣት መሳይ መቁረጫ ከላይ ወደ ታች አድርገን ከተጠቀምን ግን ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ ቢቀርም ግድ የለም። የትንሽ ወርክሾፕ መፍትሔ ይህ ነው።

ማርሽስ ከሌለ? ያኔ ሽቦ ይተካዋል። ዘንጉን እንደ ልቡ እንዲዞር በጠረጴዛው ላይ እንሰካና በጫፉ ላይ አንድ ክብ ከበሮ እናጠብቃለን። ቀጭን የብረት ገመድ ከበሮው ላይ ጠምጥመን፣ በጠረጴዛው ላይ በታሰረች ትንሽ ፑሌጃ ወደ ጠረጴዛው ጉዞ አቅጣጫ እናዞረውና ጫፉን ከማይንቀሳቀስ ቋሚ ጋር እናስራለን። ጠረጴዛው ከቋሚው ሲርቅ ገመዱ ይሳብና ዘንጉ ይዞራል። በሌላ ገመድ በተቃራኒ የተንጠለጠለ ክብደት እንዳይላላ ይይዘዋል። እርምጃው የከበሮው ዙሪያ ነውና ለ109 ሚሊ ሜትር 34.7 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያስፈልጋል። የገመዱ ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ያንኑ ቀንሰን ከበሮውን በቶርኖ 33.7 እናደርገዋለን። ገመድ እንደ ማርሽ ጉልበት አይችልም፤ ስለዚህ ለዘይት ቦይና ለመሳሰለው ጥልቀት ለሌለው ሥራ፣ ያውም በትንሽ በትንሹ እየቆረጥን እንጠቀምበት።

በማርሽም ሆነ በገመድ ብንሠራ፣ ብረቱን ከመንካታችን በፊት በመቁረጫው ቦታ እርሳስ አስረን በዘንጉ ላይ መስመር እናስምር። ከዚያ የወረቀቱን ሦስት ማዕዘን ጠቅልለን እናስተያይ። ሁለቱ ከተገጣጠሙ እንቁረጥ፤ ካልተገጣጠሙ የጠፋው እርሳስ ብቻ ነው፣ ዘንጉ ተረፈ። ለተማሪም ከሠንጠረዥ ይልቅ ይህች ወረቀት ታስተምረዋለች።

ለሠልጣኞች አንድ ጥያቄ እንተው። በዚያው መኪና፣ ዲያሜትሩ 25 ሚሊ ሜትር በሆነ ዘንግ ላይ፣ በ45 ዲግሪ ቦይ መቁረጥ ተፈልጓል። ያሉን ማርሾች ባለ 24፣ 44፣ 48 እና 56 ጥርስ ብቻ ናቸው። የትኛው የት ይሰካል? መልሱን ከነሒሳቡ በሚቀጥለው እትማችን በዚሁ ሰሌዳ ላይ እናወጣለን። እስከዚያው መቀስና ወረቀት ይዛችሁ ሞክሩት።