ማዘርቦርድ ተቀየረ ማለት ፎርማት ይደረግ ማለት አይደለም

መብራት ሄዶ በድንገት ሲመለስ የሚቃጠለው አምፖል ብቻ አይደለም። ስታቢላይዘር በሌለበት ቤት ፓወር ሰፕላይና ማዘርቦርድም አብረው ይሄዳሉ። በወለጋ ከተሞች፣ ነቀምቴም ይሁን ጊምቢ፣ ሻምቡም ይሁን ደምቢ ዶሎ፣ እንዲህ የተቃጠለ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ሲገባ ባለቤቱ ደጋግሞ የሚሰማው ቃል አለ፦ «ማዘርቦርዱ ስለተቀየረ ዊንዶውሱ አይሠራም፤ ፎርማት አድርገን በአክቲቬተር እናነቃዋለን።»

ባለቤቱ ሌላ መንገድ ያለ አይመስለውምና እሺ ይላል። ማሽኑን ሲረከብ ዊንዶውሱ አዲስ ነው፣ ስክሪኑ ንጹሕ ነው፤ ፋይሉ ግን የለም። ተማሪ ከሆነ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ከሆነ ለዓመታት ያጠራቀመው ውልና ማመልከቻ፣ ፎቶ ቤት ከሆነ የሰው ሠርግ አብሮ ጠፍቷል። በጣም የሚያስቆጨው፣ ይህ ሁሉ የጠፋው ያለ ምክንያት መሆኑ ነው። ማዘርቦርድ ሲቃጠል ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ነው። ፋይሉን ያጠፋው ሰው እንጂ መብራቱ አይደለም።

ዊንዶውስ አክቲቬት ሲደረግ ከማሽኑ ዋና ዋና ክፍሎች መለያ አንድ አሻራ ያዘጋጃል። አሻራው ከፈቃዱ ጋር ማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ ይመዘገባል። ማዘርቦርድ ሲቀየር አሻራው ስለማይገጥም ዊንዶውስ ራሱን በሌላ ማሽን ላይ እንዳለ ይቆጥራል። ከዚያ የሚሆነው ይኸው ነው፦ በስክሪኑ ቀኝ ግርጌ አክቲቬት አድርግ የሚል ጽሑፍ ይወጣል፣ የጀርባ ምስልና ቀለም ከሴቲንግስ መቀየር አይቻልም፣ ማሳሰቢያ ብቅ ይላል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ፋይል አይሰረዝም፣ ፕሮግራም ይከፈታል፣ ድጋፉ እስካላበቃ ድረስ የደኅንነት ማሻሻያም ይመጣል። ይህን «ሞቷል» ብሎ ለደንበኛ መናገር ስሕተት ነው፤ እያወቁ መናገር ደግሞ በደል ነው።

እምነቱ ግን ከባዶ አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የዕቃ ለውጥ ሲበዛበት እንደገና አክቲቬት እንዲደረግ ያስገድድ፣ ካልተደረገም በሩን ይዘጋ ነበር። ከአንድ ዓይነት ማዘርቦርድ ወደ ሌላ የተዛወረ የኤክስፒ ዲስክ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ አልነሣም ይል ስለነበር፣ በዚያ ዘመን «ፎርማት» ማለት ከልምድ የመጣ ምክር ነበር። ዛሬ ዊንዶውስ 10 እና 11 አዲስ ቦርድ ሲያዩ ድራይቨሮቻቸውን ራሳቸው አስተካክለው ይነሣሉ፤ የማይነሡበት አጋጣሚ ቢኖርም እንኳ ዲስኩን አውጥቶ ፋይሉን መቅዳት ይቀድማል።

የአካባቢው ታሪክም የራሱ ድርሻ አለው። ከታኅሣሥ 2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት ተቋርጦ ቆይቷል፤ በብዙ ቦታ ስልክም አልነበረም። በዚያን ጊዜ ማዘርቦርድ የቀየረ ሰው ከማይክሮሶፍት ሰርቨር ጋር የሚገናኝበት መንገድ አልነበረውም፤ በባለሙያው ፍላሽ ላይ ያለው አክቲቬተር ግን ኔትወርክ አይጠይቅም። ፈቃድ በዶላር ለመግዛት የሚያስችል ካርድ ማግኘትም ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቀላል ሆኖ አያውቅም። ልማዱ ለምን ሥር እንደሰደደ መረዳት አያዳግትም። ኔትወርክ ባለበት ቀን፣ ሕጋዊ ፈቃድ ይዞ የመጣን ላፕቶፕ ያለ ጥያቄ ማጥፋት ግን በዚህ አይመካኝም።

ትክክለኛው መንገድ የሚጀምረው ዕቃው ከመቀየሩ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ ፈቃዱን ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ማያያዝ ይቻላል። ከተያያዘ፣ ከቅያሪው በኋላ ሴቲንግስ ውስጥ አክቲቬሽን የሚለውን ከፍቶ፣ ትራብልሹት ብሎ፣ በቅርቡ ዕቃ መቀየሩን የሚገልጸውን ምርጫ መንካትና በዚያው አካውንት መግባት ነው። ለብቻው የተገዛ ፈቃድ ወደ አዲስ ማሽን መዛወር ይችላል። ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የመጣ ፈቃድ ግን ከመጀመሪያው ማሽን ጋር የታሰረ ነው፤ ቦርዱ ተበላሽቶ በአቻው ሲተካ ማይክሮሶፍት አዲስ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ለማሻሻል ሲባል ሲቀየር ግን ይጠይቃል። ትራብልሹተሩም ሁልጊዜ እሺ አይልም። በአሁኑ ዊንዶውስ የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደሚመዝን ማይክሮሶፍት በዝርዝር አላሳወቀም፤ ስለዚህ «በእርግጠኝነት ይነቃል» የሚልም ሆነ «በፍጹም አይነቃም» የሚል ሰው ከሚያውቀው በላይ እየተናገረ ነው።

አንድ ነገር ግን ጥገና ቤቶች ደጋግመው ይስታሉ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በፋብሪካ የተጫነ ዊንዶውስ ያላቸው ላፕቶፖች ቁልፋቸው ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ተጽፎ ነው የሚመጣው። ቦርዱ ሳይቀየር ዊንዶውስ ብቻ ሲጫን እንኳ፣ ቁልፉ የሆም እትም ሆኖ ሳለ ባለሙያው ከፍላሹ የፕሮን እትም ይጭናል፤ እትሙ ስለማይገጥም አይነቃም፤ ከዚያ «ፈቃዱ አልቋል» ይባልና አክቲቬተር ይገባል። ፈቃዱ ግን አላለቀም። ሆሙን መልሶ ጭኖ ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት ብዙ ጊዜ ይበቃ ነበር።

አክቲቬተሩስ ምንድን ነው? ማይክሮሶፍት ለትልልቅ ድርጅቶች ያዘጋጀው አሠራር አለ፤ ቢያንስ 25 ኮምፒውተር ያለው ድርጅት የራሱን ሰርቨር ያቆማል፣ ማሽኖቹም በየጊዜው እየጠየቁት ለ180 ቀን የሚቆይ ማነቃቂያ ያድሳሉ። ብዙዎቹ አክቲቬተሮች በደንበኛው ማሽን ውስጥ ሐሰተኛ ሰርቨር ሆነው ይህንኑ ያስመስላሉ። ስለዚህ ሥራቸውን ጨርሰው አይወጡም፤ እያደሱ ውስጥ ይኖራሉ፣ ሲገቡም አንቲቫይረሱ እንዲዘጋ ይጠይቃሉ። «አንቲቫይረሱ የሚጮኸው ማይክሮሶፍት ክራክ ስለማይወድ ነው» የሚለው መልስ ከፊሉ እውነት ነው፤ የዊንዶውስ አንቲቫይረስ የሆነው ዲፌንደር ንጹሑንም አክቲቬተር ይከለክላል። ቀሪውን ግን ሬድ ካናሪ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 አሳይቷል፦ ኬኤምኤስፒኮ የተባለው አክቲቬተር ነው ተብሎ በሚሠራጭ ጫኝ ውስጥ ክሪፕትቦት የተባለ፣ በብራውዘር የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን የሚሰርቅ ፕሮግራም ተደብቆ ነበር። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ስቶፕ የተባለው ራንሰምዌርም በብዛት የተሠራጨው ፕሮግራምን ያለ ፈቃድ በሚከፍቱ ክራኮች በኩል ነው። አንቲቫይረሱን ዘግቶ፣ ከየት እንደመጣ የማያውቀውን ፕሮግራም በሰው ማሽን ላይ የሚያስገባ ባለሙያ ደንበኛውን ለዚህ አደጋ እያጋለጠው ነው።

«ማዘርቦርዱ ስለተቀየረ አይሠራም» የሚለው የባለሙያው ስጋት እውነት የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ፤ ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ባለቤቱ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባ ዲስካቸውን በራሳቸው ይቆልፋሉ። ማዘርቦርድ ሲቀየር የመክፈቻ ምስጢሩ በአሮጌው ቦርድ ላይ ይቀራል፤ ማሽኑም 48 አኃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ በአብዛኛው በባለቤቱ አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። የትም ከሌለ ፋይሉ በእርግጥ አይመለስም። ይህን ስክሪን ያየ ባለሙያ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ለባለቤቱ መደወል ነው፤ ፎርማት ካደረገ በኋላ ግን ቁልፉ ቢገኝም አይጠቅምም።

የቀሩት እምነቶች ብዙ አያነጋግሩም። ራም ሲጨመር ወይም ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ሲተካ አዲስ ቁልፍ መግዛት አያስፈልግም፤ አሮጌው ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ ከተቀዳ ዊንዶውሱ አብሮ ይሄዳል። የኮምፒውተሩን ቀን ወደ ኋላ መመለስ ፈቃድ አያስረዝምም፤ የባንክና የኢሜይል ድረ ገጾች እንዳይከፈቱ ግን ያደርጋል። «ዊንዶውስ አፕዴት ክራኩን ስለሚያጠፋ ይዘጋ» የሚለው ምክር ከሁሉ የከፋው ነው፦ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተጠቀመበት ቀዳዳ መድፈኛ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው።

ዊንዶውስ 10 ራሱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ ብዙ አሮጌ ቦርዶችም የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟሉም። ደብዳቤ መጻፍና ማተም ብቻ ለሚሠራባቸው ለእነዚህ ማሽኖች ኡቡንቱ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተምና ሊብሬኦፊስ የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም በነጻ ይገኛሉ፤ ማዘርቦርዱ ቢቀየርም አክቲቬት አድርጉኝ አይሉም።