የቢሾፍቱ አየርና የቃሊቲ ሰልፍ፤ ከሥራ ርቆ የመኖር ሒሳብ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቢሾፍቱ፣ ብዙዎች ዛሬም በቀድሞ ስሟ ደብረ ዘይት የሚሏት ከተማ፣ ለዓመታት የምትታወቀው በአየር ኃይሏ፣ በሐይቆቿና ለቅዳሜና እሑድ በሚጎርፉላት እንግዶች ነው። ከእነዚህ በተጨማሪ ግን ሌላ ዓይነት ደንበኛም አላት። እርሱም ቀን አዲስ አበባ ሠርቶ ማታ ቢሾፍቱ የሚያድረው ደመወዝተኛ ነው።

ይህ ደንበኛ ወደዚያ የሚሄድባቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የቤት ኪራይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጠባብ ቤት በሚከራይበት ገንዘብ ቢሾፍቱ ላይ ግቢ ያለው ቤት ማግኘት ይቻላል። ሁለተኛው ምክንያት ግን በብር አይቆጠርም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ሞቅ ያለ ነው፤ ሆራ፣ ባቦጋያና ኩሪፍቱ ሐይቆች በቅርብ ናቸው፤ ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ አለ። በአጭሩ ሰውየው ቦታውን ይወደዋል።

ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። አብዛኛው ቤተሰብ ይህን ውሳኔ ሲወስን የሚያነጻጽረው የኪራዩን ልዩነትና የትራንስፖርቱን ዋጋ ብቻ ነው። በዚህ ሒሳብ ቢሾፍቱ ሁልጊዜ ታሸንፋለች። ትልቁ ወጪ ግን በሁለቱም መዝገብ ላይ የለም። ልጆች ትምህርት ቤት ከቀየሩና የቤተሰቡ እድር ከተተወ በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ ቀላል አይደለም።

ኪራዩ ለምን ረከሰ?

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ዊሊያም አሎንሶ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ስለ ቦታና የመሬት አጠቃቀም በሚያትት መጽሐፉ ያብራራው ሐሳብ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። በእርሱ አገላለጽ የመሬት ዋጋ ከከተማው እምብርት እየራቀ በሄደ ቁጥር የሚወርደው የመጓጓዣው ወጪ ስለሚጨምር ነው። ነዋሪው ለቤቱ የሚከፍለውን ቀንሶ ለመንገዱ ይከፍላል።

ከዚህ ለመገንዘብ የሚቻለው ርቆ የሚገኝ ቤት ርካሽ የሆነው ባለቤቱ ደግ ስለሆነ እንዳልሆነ ነው። የቀነሰው ኪራይ የመንገዱ ካሳ ነው። ጥያቄው ካሳው ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ብቻ ይሆናል።

ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን ሰዓቱ

የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ሲጀምር ቢሾፍቱ ለአዲስ አበባ ሠራተኛ እንደቀረበች ብዙዎች አምነው ነበር። እውነትም መንገዱ ላይ ጉዞው ፈጣን ነው። ይሁን እንጂ የፍጥነት መንገዱ የሚያበቃው ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ቃሊቲና ሳሪስ አሉ፤ የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱና ታክሲው በአንድ መስመር የሚጋፋበት መንገድ አለ። በሌላ አባባል የፍጥነት መንገዱ ያሳጠረው መጀመሪያውኑም ያን ያህል ያልረዘመውን የጉዞ ክፍል ነው። ሰዓቱን የሚበላው ከተማው ውስጥ ያለው ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ጂቡቲ የሚሄደው የባቡር መስመር በቢሾፍቱ ጣቢያ ቢኖረውም የተዘረጋው ለረጅም ርቀት መንገደኛና ለጭነት ነው። የአዲስ አበባው ጣቢያ ያለውም ለቡ፣ ከከተማው ዳር ነው። ስለዚህ የጠዋቱ ሠራተኛ የሚተማመነው በዋናነት በሚኒባስና በአውቶቡስ ላይ ይሆናል።

በመሆኑም ርቀቱ መለካት ያለበት ከመናኸሪያ እስከ መናኸሪያ ሳይሆን ከቤት በር እስከ ቢሮ በር ነው። ታክሲ እስኪሞላ የሚጠበቀው፣ ቃሊቲ ወርዶ ሌላ ታክሲ ለመያዝ የሚሰለፉት፣ በክረምት ጎርፍ የሚቆሙት ሁሉ ጉዞ ነው።

በብር ሲተመን

ጉዳዩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የቀረቡ ስለሆኑ አንባቢ የራሱን ሊተካባቸው ይችላል። አንድ ሠራተኛ በወር 20,000 ብር የተጣራ ደመወዝ ያገኛል እንበል። በወር 22 ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ የሰዓቱ ክፍያ 114 ብር ያህል ነው። አዲስ አበባ ቢኖር ሥራ ለመድረስ 45 ደቂቃ፣ ቢሾፍቱ ቢኖር ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። በደርሶ መልስ ልዩነቱ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በወር 55 ሰዓት ይሆናል። ይህ ሰባት የሥራ ቀን ለመሙላት አንድ ሰዓት ብቻ የቀረው ነው።

የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ኦፖርቹኒቲ ኮስት የሚሉት፣ አንዱን ሲመርጡ የሚያመልጠው የሌላው ጥቅም፣ እዚህ ላይ ይገባል። ያ 55 ሰዓት ለማታ ትምህርት፣ ለተጨማሪ ሥራ፣ ለልጆች ወይም ለእንቅልፍ ሊውል ይችል ነበር። በትራንስፖርት ጥናት የተለመደው አሠራር የጉዞ ሰዓትን በደመወዙ ግማሽ ያህል መተመን ነው። በዚህ ስሌት 55 ሰዓት 3,125 ብር ያወጣል። የትራንስፖርቱ ልዩነት በቀን 120 ብር ቢሆን በወር 2,640 ብር ይደመርበታል። ድምሩ 5,765 ብር ይሆናል።

ከቤት ኪራይ የሚተርፈው 7,000 ብር ከሆነ ቤተሰቡ አሁንም 1,235 ብር ያተርፋል። ነገር ግን የመንገዱ መጨናነቅ ጠዋትና ማታ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቢጨምርበት የወሩ ሰዓት 77 ይደርሳል፤ ወጪውም 7,015 ብር ይሆናል። ትርፉ አለቀ ማለት ነው። ኪራዩም ታሪፉም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ሰልፉ ብቻ ነው።

ታሪፉም ቢሆን ባለበት አይቆይም። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ የነዳጅ ዋጋ በተደጋጋሚ ጨምሯል። በአንጻሩ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆንና ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ብቻ እንዲደረግ ይደነግጋል። አዋጁ በተግባር በዋለበት ሁሉ በከተማ ኪራይ ላይ ልጓም አለ፤ በመንገዱ ወጪ ላይ ግን የለም።

ፍቅርም ሒሳብ አለው

ይህ ሁሉ ሲባል ቦታውን የሚወድ ሰው ቢከስርም መብቱ ነው። አንዱ ለመኪና፣ ሌላው ለልብስ እንደሚከፍል እርሱ ለአየርና ለሐይቅ ይከፍላል። ተቃራኒውም አለ። የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ያንን አከራይተው፣ ራሳቸው መሀል ከተማ በቀድሞ ሰፈራቸው ተከራይተው የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብለው ለሚወዱት ሰፈርና ለእድራቸው ይከፍላሉ። ሒሳቡ አንድ ነው፤ የተገለበጠው አቅጣጫው ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን እዚህ ላይ ነው። የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን የነበሩት ብሩኖ ፍራይና አሎይስ ስቱትሰር የጀርመን ቤተሰቦችን ለዓመታት ከተከታተለ መረጃ ተነስተው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ረጅም መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። ርካሹ ቤትም ሆነ የተሻለው ደመወዝ መንገዱን ሙሉ በሙሉ አልካሰም ማለት ነው። ሰው ሰፊ ቤትን ቶሎ ይለምዳል። በየቀኑ የሚለዋወጥን የመንገድ ጣጣ ግን አይለምደውም።

በእኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው በ12 ሰዓት አካባቢ ነው። ከቢሮ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሚወጣ ሠራተኛ ሁለት ሰዓት ተጉዞ ቢሾፍቱ የሚደርሰው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ጠዋት የሚወጣውም ገና ጎህ ሲቀድ ነው። እንዲህ ከሆነ ሐይቁን በብርሃን የሚያየው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ እዚያ ሳይኖር፣ እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ እንግዳ በደርሶ መልስ ታሪፍ ሊያገኘው ይችላል። በሌላ በኩል ባለቤቱና ልጆቹ ቀኑን እዚያ የሚውሉ ከሆነ ግቢውና አየሩ በየቀኑ ያገለግላሉ። ስለዚህ መንገዱን የሚከፍለው አንድ ሰው፣ ቦታውን የሚኖርበት ግን ሌላ ሊሆን ስለሚችል ውሳኔው የአባወራው ወይም የእማወራዋ ብቻ መሆን የለበትም።

ከመፈረም በፊት

ውል ከመፈረሙ በፊት መንገዱን መሞከር ይቻላል። ዘመድ ወይም ወዳጅ ቤት አድሮ አንድ ሳምንት ሙሉ፣ በተለይ ሰኞ ጠዋት፣ ከበር እስከ በር ያለውን ሰዓት መዝግቦ ማየት ብዙ ያስተምራል። ሳምንቱ የክረምት ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛው ነገር ከአሠሪ ጋር መነጋገር ነው። ከላይ የተጠቀሰው ሠራተኛ በወር 22 ቀን መመላለሱ ቀርቶ 13 ቀን ብቻ ቢመላለስ፣ የሰዓቱና የታሪፉ ወጪ ተደምሮ ከ5,765 ወደ 3,407 ብር ይወርዳል፤ ከ7,000 ብሩም ከግማሽ በላይ ይተርፋል። ሐይቁንም በሥራ ቀን በብርሃን ያየዋል። ከአከራይ ጋር ተከራክሮ ጥቂት መቶ ብር ከማስቀነስ ይልቅ የመመላለሻውን ቀን መቀነስ የበለጠ ያዋጣል።

ይህ የማይሆንለት ሠራተኛ ደግሞ የወሩን ሰዓት በገንዘብ ተምኖ፣ ቁጥሩን ለቤተሰቡ አሳይቶ፣ ቦታውን ይህን ያህል እንወደዋለን ወይ ብሎ ይጠይቅ። መልሱ አዎ ከሆነ ዋጋውን አውቆ ይከፍላል።