ተጨማሪ መረጃ፦ ኪንታሮት ያልሆነው የመቀመጫ ሕማም

በአገራችን በመቀመጫ የሚነሣ ሕማም ሁሉ ኪንታሮት ይባላልና፣ የፊንጢጣ ስንጥቅ የያዘው ሕሙም ደዌውን በኀፍረት ሰውሮ ለሌላ በሽታ የታሰበ መድኃኒት ሲቀባ ይከርማል። ይሁን እንጂ ዐይነ ምድር በሚወጣበት ጊዜ እንደ ምላጭ የሚቈርጥ፣ ከዚያም በኋላ ለሰዓታት ሊዘልቅ የሚችል ሥቃይና ጥቂት ደማቅ ቀይ ደም የስንጥቅ ዋና ምልክቶች ናቸው። ሐኪሙ መቀመጫውን በዝግታ ገለጥ አድርጎ ሲመለከት አብዛኛውን ጊዜ ስንጥቁን በስተኋላ፣ በመካከለኛው መሥመር ላይ ያገኘዋል፤ በጎን በኩል ከታየ ግን የቲቢ፣ የክሮን በሽታ ወይም የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሌላ ምርመራ ይሻል።

ቁስሉ ቶሎ የማይሽረው የፊንጢጣው ውስጠኛ ጡንቻ ከሥቃዩ የተነሣ እየተኰማተረ የደሙን ዝውውር ስለሚቀንስበት ነውና፣ ሕክምናው ሁሉ ይህን ጡንቻ ለማላላትና ዐይነ ምድሩን ለማለስለስ የታሰበ ነው። አሰር የበዛበት ምግብ፣ በቂ ውኃ መጠጣትና ለብ ባለ ውኃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥ አብዛኛውን አዲስ ስንጥቅ ይፈውሳሉ። ከ6 ሳምንት በላይ ለቈየው የናይትሮግሊሰሪን ወይም የዲልቲያዜም ቅባት ይታዘዛል፤ ይህም ካልረዳ፣ ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም አይዘንሃመር እ.ኤ.አ. በ1951 የገለጠው፣ ውስጠኛውን ጡንቻ በከፊል የመቍረጥ ቀዶ ሕክምና አለ። እንግዲህ ደም ያየ ሰው ሕመሙን በግምት ሳይሰይም፣ ኀፍረቱንም ትቶ፣ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይቅረብ።