ጎዳናው አንድ፣ ትንፋሹ ለየቅል

በኅዳር 1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የአንዋር መስጊድ ሰፈር ወጣት ከዓለም ሻምፒዮኖች ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ጎዳና 10 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ ዕድል ከፍቷል። የመጀመሪያው አሸናፊ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። ታዲያ ብዙዎቻችን ገና በጅማሬው ለምን እንዝላለን?

የኦክስጅን ድርሻ በባሕር ጠረፍም ሆነ በአዲስ አበባ 21 በመቶ ያህል ነው፤ የሚለየው የአየሩ ግፊት ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ግፊቱ በሩብ ገደማ ስለሚያንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የደጋ ሰው ሰውነት ይህን ቢለምደውም ያለ ልምምድ ፈጥኖ የሚነሣ ሯጭ ጡንቻዎቹ ከሚደርሳቸው በላይ ኦክስጅን ይሻሉ። ስለዚህ ከሻምፒዮኖቹ አስቀድመን ልንማር የሚገባን ፍጥነታቸውን ሳይሆን አቅምን መጥኖ መነሣትን ነው። መነጋገር እስኪያቅተን ካለከለክን ፍጥነታችንን እንቀንስ።