«አሮጌው ዲናሞ የታለ?»

ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ፦ ዛሬ ስለ ፓርቲ፣ ስለ መግለጫና ስለ ስብሰባ አናወራም። ፖለቲካውን ለአንድ ቀን እናሳርፈውና ስለ መኪና እናውጋ። «ምን ነካችሁ?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ግን ከመካከላችን እንጀራውን በአራት ጎማ ያልጋገረ ስንት ሰው አለ? ታክሲ የነዳ፣ ኡበርና ሊፍት የሚነዳ፣ ከአየር ማረፊያ እንግዳ የሚያመላልስ፣ ፒዛ ያደረሰ... እኛም በአገር ቤት የመንግሥት ጋዜጣ አርታኢ ነበርን፤ በኦክላንድ ጎዳናዎች የምንታወቀው ግን ብዙ ማይል በበላች ቶዮታ ፕሪየስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ማለዳ መኪናችን አልነሳም አለች። የዳሽቦርዱ መብራቶች ቦግ እልም ይላሉ፣ ሞተሩ ግን ዝም። በክሬን አስጎትተን ስሙን ወደማንጠቅሰው ጋራዥ አስገባናት። ከሰዓት በኋላ አንድ ወረቀት ዘረጉልን። «አልተርኔተር» ይላል፤ ከእጅ ዋጋው ጋር 640 ዶላር። የስንቱን ጸሐፊ ቃል በቀይ እስክሪብቶ ስናርም የኖርን ሰዎች፣ የማናውቀውን ቃል ምን ማለት ነው ብለን ሳንጠይቅ ፈረምን። ለምን? አፍረን ነዋ! ከኋላችን ሁለት ሰዎች ተራ ይጠብቁ ነበር፤ እንግሊዝኛችን ደግሞ ጋዜጣ ለማንበብ እንጂ ኮፋኖ ከፍቶ ለመከራከር የተማርነው አይደለም።

ሳን ሆዜ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። የሚያውቃቸው ሁሉ «ጋሼ» ብቻ ይላቸዋል። ሙያውን የለመዱት በልጅነታቸው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ነው። በሌላ ጉዳይ ደውለንላቸው ወጪያችንን ብናጫውታቸው፣

«አሮጌው ዲናሞ የታለ?» አሉን።

«ጋሼ፣ ዲናሞ አይደለም ያስለወጥነው፤ አልተርኔተር ነው።»

ስልኩ ውስጥ ሳቃቸው ቆየ። «አንተ ልጅ፣ አልተርኔተር ማለት እኮ ዲናሞ ነው። ያንተ መኪና ደግሞ ዲናሞ የላትም!»

እውነታቸውን ነው። ፕሪየስ የተለመደው ዲናሞም ሆነ ሞተሪኖ የላትም። ሞተሩን የሚያስነሳው ውስጧ ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር ሲሆን፣ መብራቱንና ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅሰው ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ የሚሞላው ደግሞ ከትልቁ ባትሪ ነው። ትንሹ ባትሪ በእኛይቱ ላይ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ጥግ ተደብቆ ተቀምጧል። እሱ ሲደክም መኪናዋ በሙሉ የሞተች ትመስላለች። የተለወጠልን እሱ ብቻ ኖሯል። ዋጋው ከከፈልነው ግማሽ እንኳ አይደርስም።

በማግሥቱ ጋሼ ከሳን ሆዜ በ880 አውራ ጎዳና መጥተው አብረውን ገቡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «አልተርኔተሩን አሳዩኝና ልሂድ» ብቻ ነው ያሉት። ሰውየው ጎንበስ ቀና አለ፤ ወደ ጓዳ ገብቶ ወጣ፤ በመጨረሻ የባትሪውን ዋጋ አስቀርቶ ቀሪውን መለሰልን። ስህተት ይሁን ሌላ ነገር እኛ አንፈርድም።

በዚህ አጋጣሚ ብዙዎቻችን ስለማናውቀው ሕግ እንንገራችሁ። በካሊፎርኒያ ማንኛውም ጋራዥ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የዋጋ ግምት በጽሑፍ ሊሰጥና ፈቃዳችሁን ሊቀበል ይገደዳል። ከዚያ በላይ ማስከፈል ከፈለገ እንደገና መጠየቅ አለበት። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃም ልትረከቡ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን መኪናውን ስታስረክቡ፣ ሥራው ሳይጀመር መጠየቅ አለባችሁ። በዋስትና ወይም በልዋጭ ወደ ፋብሪካው የሚመለስ ዕቃ ግን ላይሰጣችሁ ይችላል። አቤት የሚባለው ጋራዦችን ለሚቆጣጠረው የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት፣ ለቢሮ ኦፍ አውቶሞቲቭ ሪፔር ነው። እኛ ይህን ሁሉ ያወቅነው ከፈረምን በኋላ ነው!

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጋሼ ደጃፍ ትምህርት ቤታችን ሆነ። አምስት ስድስት ሾፌሮች እንሰበሰባለን። እኛ በአርታኢ ልማዳችን ደብተር ይዘን ቃላቱን በሦስት ረድፍ እንጽፋለን፤ ጋሼ የሚሉት፣ አሜሪካኖቹ የሚሉት፣ የዕቃው ሥራ። ፍሪሲዮን ክላች ሆነ። ካምቢዮ ትራንስሚሽን፣ ካንዴላ ስፓርክ ፕለግ፣ ማርሚታ ማፍለር፣ ኩሽኔታ ቤሪንግ፣ ቸርኬ ሪም፣ ቺንጋ ቤልት። ካቻቢቴና ክሪክም አልቀሩም። ጣሊያን በ1928 መጥቶ በ1933 ተባረረ፤ ጋራዡ ውስጥ ግን ቃሉን ጥሎ ሄደ። እኛ አማርኛ ነው ብለን የያዝነው ለካ ግማሹ የሮም ነው። («ጋራዥ» ራሱ ፈረንሳይኛ ነው፤ የቋንቋ ንጽሕና ጠበቆች ይቅር ይበሉን።) አንድ ወጣት ሾፌር፣ እዚሁ የተወለደ፣ በተቃራኒው ነበር የተቸገረው፤ ጋሼ «ፍሬቻዋን አብራት» ሲሉት መጥረጊያውን አስነሳው።

ደብተሩን ስንሞላ አንድ ነገር ትዝ አለን። በአገር ቤትም የቃላት ዝርዝር ከላይ ይወርድልን ነበር። «ኪራይ ሰብሳቢ» የሚለውን በስንት ርዕስ ላይ እንደሰቀልነው እኛው እናውቃለን። ያ ቃል የትኛው ብሎን ላይ እንደሚታሰር ግን ጠይቀን አናውቅም ነበር። ጋሼ ዘንድ እንዲህ የለም። «ኩሽኔታ» ያለ ሰው ኩሽኔታውን በጨርቅ ጠቅልሎ እጃችን ላይ ያስቀምጥልናል፤ ስናዞረው ይንኳኳል ወይም አይንኳኳም።

ባለፈው የበረዶ ወራት ልጆች በረዶ እንይ አሉና በሦስት መኪና ሆነን በ80 አውራ ጎዳና ወደ ሴራ ኔቫዳ ወጣን። ዶነር ሰሚት የሚባለው የመንገዱ ጫፍ ከፍታው 2,200 ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል ብንላቸው ልጆቹ አላመኑንም። በረዶው ግን ከሰው ቁመት በላይ ተቆልሏል። እዚያ ደግሞ ሌላ የቃላት ዝርዝር ጠበቀን፤ አር አንድ፣ አር ሁለት፣ አር ሦስት። አር ሁለት ከተባለ፣ በአራቱም እግር የሚነዳና የበረዶ ጎማ የገጠመ መኪና ካልሆነ በቀር ሰንሰለት ግዴታ ነው። አር ሦስት ከሆነ ማንም አይማርም። የእኛ መኪኖች የሚጎተቱት በፊት ጎማ ስለሆነ ሰንሰለቱ የሚታሰረው ከፊት ነው። አንደኛው ወዳጃችን ከኋላ አስሮ ግማሽ ሰዓት ሲንሸራተት ነበር። ጥቂት ሄዶ ቆሞ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ25 ወይም ከ30 ማይል አያልፍም።

ትራኪ ከተማ አጠገብ ስኖሞቢል የሚያከራዩ ሰዎች አገኘን። ልጆቹ ሊሳፈሩበት፣ ጋሼ ሊፈቱት ቸኮሉ! አስጎብኚው ለጀማሪ የሚለውን በአሥር ደቂቃ አወረደው። በቀኝ አውራ ጣት የሚጫኑት ነዳጅ መስጫው ነው። ከፊት ሁለት ስኪ፣ ከሥር እንደ ታንክ ሰንሰለት የሚዞር የላስቲክ ትራክ። አንዲት ቀይ ገመድ ከጃኬት ጋር ትታሰራለች፤ ነጂው ከወደቀ ገመዷ ተነቅላ ሞተሩን ታጠፋለች። ይህን መሣሪያ ለሕዝብ ያደረሰው የኩቤኩ መካኒክ ዦዜፍ አርማን ቦምባርዲየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የሁለት ዓመት ልጁ ታሞ፣ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተበት። በ1937 የመጀመሪያ ባለ ትራክ መኪናውን ፓተንት አወጣ፤ ስኪ ዱ የተባለችውን ትንሿን በ1959 ለገበያ አቀረበ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ጥቂት ዝም አሉ። «ከአውራ ጎዳና ርቆ የሚኖር ሰው ይገባዋል» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ሽፋኑን አስከፈቱት። ማርሽ የለም፤ ሁለት መዘውር፣ መካከላቸው ሰፊ ቺንጋ። ሞተሩ ሲፈጥን አንደኛው መዘውር ይጠባል፣ ሌላው ይሰፋል፤ ቺንጋው ወጣ ወረድ እያለ ማርሹን ይተካል። በሽፋኑ ሥር ትርፍ ቺንጋ ታስሯል። «ስኮርታ!» አሉ ጋሼ ደስ ብሏቸው። አስጎብኚው ቺንጋው ከሞቀና ከተበጣጠሰ ስብርባሪው ሳይጠራ አዲሱ እንደማይገባ ሲነግራቸው፣ ቃሉ ሳይተረጎምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለ ሁለት ምት የሆኑት ደግሞ ዘይት ከቤንዚን ጋር እንደሚያቃጥሉ ሲሰሙ «ቬስፓ ናትና!» አሉ። እኛ ጣታችን በብርድ እየደነዘዘ በደብተሩ አንድ ገጽ ሞላን።

የሚመጣው እሑድ ትምህርት የፕሪየስ ትልቁን ባትሪ የሚያቀዘቅዘው አየር መሳቢያ ነው። ከኋላ ወንበር ጎን ያለችው ያቺ ቀዳዳ በአቧራና በፀጉር ስትደፈን ባትሪው ይሞቃል ይላሉ ጋሼ። ለስላሳ ብሩሽና የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ኑ፤ ቡናው ከእሳቸው ቤት ነው።