አብቲርሲ፤ አባቱን ብቻ የሚያውቅ ሰንሰለት

የሐርጌሳ ልጅ ከፊደል ቆጠራ በፊት የአባቶች ቆጠራ ይማራል። ስሙን፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን እያለ የጎሳው መነሻ እስከሚባለው ሰው ይዘልቃል። ሶማሌዎች «አብቲርሲ» ይሉታል፤ አባት መቁጠር ማለት ነው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ቢሰማው «ይሄማ ሲንግሊ ሊንክድ ሊስት ነው» ማለቱ አይቀርም።

በሊንክድ ሊስት እያንዳንዱ ቋጠሮ የሚይዘው ሁለት ነገር ነው፤ አንድ መረጃና የቀጣዩን ቋጠሮ አድራሻ። በአብቲርሲ መረጃው ስም፣ አድራሻው አባት ነው። አሬይ የተባለው አደረጃጀት መረጃዎቹን በኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ላይ ጎን ለጎን ይደረድራል፤ እዚህ ግን የአባት መቃብር ቡርዖ፣ የልጅ ቤት ሐርጌሳ ቢሆንም ክሩ አይበጠስም። የመጨረሻው ቋጠሮ አድራሻው ባዶ ነው፤ ቆጠራው እዚያ ያበቃል።

ተመራማሪዎቹ አለን ኒውዌል፣ ክሊፍ ሾውና ኸርበርት ሳይመን አሜሪካ ውስጥ ሊንክድ ሊስትን ያበጁት በ1950ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያው ሰሞን፣ ከ1955 እስከ 1957፣ አንትሮፖሎጂስቱ ኢዮአን ሉዊስ በብሪታንያ ሶማሌላንድ እየተዘዋወረ የዘር ቆጠራውን ያጠና ነበር።

ኮዱ አጭር ነው። በፓይተን አንድ ክላስ ይከፈታል፤ ውስጡ «ስም» እና «አባት» ይቀመጣሉ። ልጅ ሲወለድ አዲስ ቋጠሮ ተፈጥሮ ወደ አባቱ ይጠቁማል፤ የዝርዝሩም ራስ እሱ ይሆናል። ከበላዩ ሁለት ትውልድ ይኑር ሃያ፣ ድካሙ ያው ነው። አስቸጋሪው የተዘለለ አያትን መሀል ማስገባት ነው። መጀመሪያ አዲሱ ቋጠሮ የአባቱን አድራሻ ይይዛል፤ ከዚያ ልጁ ወደ አዲሱ ይዞራል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ከዚያ በላይ ያለው ዘር በሙሉ ይጠፋል። እኔም አንድ ሁለት ጎሳ በዚህ መንገድ ፈጅቻለሁ።

ወንድማማቾች ሁለት ራስ ናቸው፤ ከአባታቸው ጀምሮ ግን ሰንሰለቱ አንድ ነው። ሁለት እንግዶች ዝምድናቸውን ቢፈልጉ፣ አንዱ 14 ሌላው 11 አባት ቢቆጥር፣ ባለ 14ቱ 3 ደረጃ ይቀድምና ከዚያ እኩል ይራመዳሉ። መጀመሪያ የሚገናኙበት ቋጠሮ የጋራ አባታቸው ነው። ይህ የጨዋታ ጉዳይ አይደለም፤ «ማግ» የተባለውን የደም ካሳ ማን ከማን ጋር እንደሚያዋጣ የሚለየው በዘር ነው። እንደ ሉዊስ ጥናት የአንድ ካሳ ከፋይ ቡድን አባላት የሚገናኙት ባብዛኛው ከ4 እስከ 8 ትውልድ ወደ ላይ ተቆጥሮ ነው። (ማግ በእኛ የሸማኔ ክር መሆኑ መቼም አጋጣሚ ነው።)

ሰንሰለቱ መንገዱ አንድ ነው፤ ከአያት ተነስቶ የልጅ ልጅ ጋ አይደረስም። እናትም የለችበትም። የአማራ ሰባት ቤት ቆጠራ ግን በአባትም በእናትም ይሄዳል፤ ሰባተኛው ትውልድ ላይ የሚጠብቁት 128 ሰዎች ናቸው። እሱን ለመጻፍ እያንዳንዱ ቋጠሮ ሁለት አድራሻ ይፈልጋል፤ አንድ ለአባት፣ አንድ ለእናት።