ለሳሳ አጥንት የሚሰጡትን መርፌዎች ስለ መምረጥ

በቀድሞ ጊዜ አንዲት በዕድሜ የገፉ እመቤት ከደጃፋቸው ላይ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ቢሰበር፣ ወይም ቁመታቸው እያጠረ ጀርባቸው ቢጎብጥ፣ ዘመድ ሁሉ «እርጅና ነው» ብሎ ይተወው ነበር። ዛሬ ግን ይህ ነገር የአጥንት መሳሳት፣ በሐኪሞች አጠራር ኦስቲዮፖሮሲስ ተብሎ የሚመረመርና የሚታከም በሽታ ሆኗል። የወር አበባቸው ከተቋረጠ በኋላ በሴቶች ላይ የሚበረታ መሆኑን ፉለር ኦልብራይት የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1941 ዓ.ም. ገልጦ ጽፏል።

ብዙውን ጊዜ ሕክምናው የሚጀመረው በሚዋጥ ኪኒን ነው። ኪኒኑ ግን በባዶ ሆድ በውሃ ተውጦ፣ ከዚያም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ መቆየት ግድ ስለ ሆነ፣ የጉሮሮና የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው አይችለውም፤ የሚረሳውም ብዙ ነው። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ መርፌ ያዛል። መርፌውም አንድ ዓይነት ብቻ ስላይደለ ቤተ ሰቡ «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ ይጠይቃል። በእኛ አስተያየት ግን አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው «ከእርሱ በኋላስ ምን ይከተላል?» ተብሎ ነው።

የዚህም ምክንያት ከአጥንት ጠባይ የመጣ ነው። አጥንት ላይ ላዩን ሲያዩት ደረቅ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው አካል ነው። በውስጡ አንደኞቹ ሕዋሳት ያረጀውን አጥንት ያፈርሳሉ፤ ሁለተኞቹ በፈረሰው ስፍራ አዲስ ይገነባሉ። አፍራሾቹ ገንቢዎቹን ሲቀድሟቸው አጥንቱ ይሳሳል። ከመርፌዎቹም አንዳንዶቹ አፍራሾቹን የሚያግዱ፣ ሌሎቹ ገንቢዎቹን የሚያበረቱ ናቸው።

ከሚያግዱት አንዱ ዞሌድሮኒክ አሲድ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ 5 ሚሊ ግራም፣ ከ15 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በደም ሥር እየተንጠባጠበ ይገባል። በ2007 በአውሮፓ አቆጣጠር በታተመ ታላቅ ምርመራ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የአከርካሪን ስብራት 70 ከመቶ፣ የዳሌን ስብራት 41 ከመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። መጀመሪያ የተሰጠ ጊዜ አንዳንዱን ሰው ለአንድና ለሁለት ቀን እንደ ጉንፋን ያተኩሰዋል፤ ይህ አያስደንግጥ። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ግን ሊወስደው አይገባም። ትልቁ በጎነቱ በአጥንት ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ የሚቆይ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ቀጠሮው ጥቂት ቢዘገይ ወዲያው አደጋ አያመጣም።

ሁለተኛው ዴኖሱማብ ይባላል። በየስድስት ወሩ 60 ሚሊ ግራም ከቆዳ በታች ይወጋል፤ ጊዜም አይፈጅ፣ ሕመሙም ጥቂት ነው። በ2009 በታተመው ምርመራ፣ በ7,868 ሴቶች ላይ ተፈትኖ የአከርካሪን ስብራት 68 ከመቶ፣ የዳሌን 40 ከመቶ ቀንሷል። የሁለቱ መድኃኒቶች ምርመራ ለየብቻ የተደረገ ስለ ሆነ ቍጥራቸውን አስተያይቶ አንዱን አሸናፊ ማለት አይቻልም። ዴኖሱማብ በኩላሊት የሚወገድ መድኃኒት ስላይደለ ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎችም ይሰጣል፤ ነገር ግን በማሽን ደማቸውን የሚያሳጥቡ ሰዎች የደማቸው ካልሲየም በአስጊ ሁኔታ ሊወርድባቸው ስለሚችል የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ክፍል በ2024 ብርቱ ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል።

የዚህ መርፌ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ጊዜው ሲያልፍ ሥራው ፈጽሞ ይቆማል፤ ታግደው የነበሩት አፍራሾችም በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። በብዙ ዓመት የተገኘው አጥንት በጥቂት ወራት ይጠፋል፣ በአንዳንዱም ሰው ላይ ሁለትና ሦስት የአከርካሪ አጥንት ተከታትሎ ይሰበራል። ስለዚህ ሐኪሞች ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ ሰባት ወር እንዳያልፍ አጥብቀው ያሳስባሉ።

ለምሳሌ በዋሺንግተን አጠገብ ከልጃቸው ጋራ የሚኖሩ የ74 ዓመት እናት እናስብ። ይህን መርፌ አራት ዓመት ተወግተዋል። አሁን የወንድማቸውን ተዝካር ሊያወጡ ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ፣ ዓመትም ሊቀመጡ ተነሥተዋል። ልጃቸው «እማዬ፣ የመርፌዎ ቀን በመንገድ ላይ ሳሉ ነው የሚውለው» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ ወገቤን አያመኝ፣ እግሬን አያመኝ፤ ደኅና ሆኜ ሳለሁ ስለ ምን እወጋለሁ? ስመለስ ያደርሰኛል» ብለው መለሱለት። እናቲቱ መፍረዳቸው አይደንቅም፤ አጥንት እስኪሰበር ድረስ መሳሳቱን አይናገርምና።

ገንቢዎቹን የሚያበረቱት መርፌዎች አጥንታቸው እጅግ ለሳሳና አስቀድሞ ለተሰበረባቸው ሰዎች የሚመረጡ ናቸው። ቴሪፓራታይድ በየቀኑ በብዕር መሰል መርፌ በጭን ወይም በሆድ ቆዳ ይወጋል፤ ዘመኑም እስከ ሁለት ዓመት ነው። በማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ ስላለበት፣ መብራት በሚጠፋበት ቤት ይህ ራሱ ከባድ ነገር ነው። አጥንቱ ላይ የጨረር ሕክምና የተደረገለት ሰው አይወስደውም። በ2019 በአሜሪካና በአውሮፓ የተፈቀደው ሮሞሶዙማብ ደግሞ በወር አንድ ቀን ሁለት መርፌ ሆኖ ለ12 ወር ይሰጣል። እርሱ ቀድሞ ኪኒኑ ሲከተል፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ኪኒን ብቻ ከመውሰድ ይልቅ በሁለት ዓመት ውስጥ አዲስ የአከርካሪን ስብራት 48 ከመቶ ቀንሶ ታይቷል። ይሁን እንጂ በዚያው ምርመራ የልብና የአንጎል ደም ሥር አደጋ ጥቂት በዝቶ ስለ ተገኘ፣ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ላገኘው ሰው አይሰጥም። ሁለቱም የገነቡት እንዳይፈርስ ሲያበቁ ከሚያግዱት መድኃኒቶች አንዱ ሊተካቸው ይገባል።

ከሚያግዱት መርፌዎች አስቀድሞ ጥርስን ማስመርመር መልካም ነው፤ ምክንያቱም እነዚህን መድኃኒቶች በሚወስድ ሰው ጥርስ ሲነቀል የመንጋጋ አጥንት አልፎ አልፎ ሳይድን ይቀራል። ፀሐይ የማያገኙ አረጋውያንም ቫይታሚን ዲያቸው ተለክቶ ጉድለቱ ይሙላላቸው።

ወደ እናቲቱ እንመለስ። ልጁ ክርክሩን ትቶ ወደ ሐኪም ወሰዳቸው። ሐኪሙም መርፌውን እንዲሁ ማቋረጥ እንደማይገባ ነግሮ ሁለት መንገድ አሳያቸው፤ በአዲስ አበባ መርፌውን በቀኑ የሚወጋቸው ስፍራ አስቀድሞ መፈለግ፣ ወይም ስድስተኛው ወር ሲሞላ ዞሌድሮኒክ አሲድን ወስደው መሄድ። ኩላሊታቸው ጤነኛ፣ የደማቸው ካልሲየምም ትክክለኛ ስለ ነበረ፣ እናቲቱ ሁለተኛውን መረጡ፤ ጉዞውንም ሦስት ሳምንት አዘገዩ። ለአንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ የማይበቃው ስለ ሆነ፣ በዚያ ለሚያያቸው ሐኪም ደብዳቤ ተጻፈላቸው፤ በደብዳቤውም ራስጌ የመጨረሻው የዴኖሱማብ መርፌ የተወጉበት ቀን በጉልህ ተጽፎ ነበር።